ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ሲገጨን ማን ይከፍላል?

ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንሹራንስ የሌለው ሾፌር ከገጫችሁ፣ «ከሱ ምን ይገኛል፣ እግዜር ይክፈለው» ብላችሁ ነገሩን ከመተዋችሁ በፊት የራሳችሁን ፖሊሲ አውጡና አንብቡ። ብዙዎቻችን ኢንሹራንስን የምናስበው ፖሊስ ሲያስቆመን እንደምናሳየው ወረቀት ነው፤ ቢበዛ ሰው ብንገጭ ከክስ እንዲያድነን። እዚያው ፖሊሲ ውስጥ ግን «አንኢንሹርድ ሞተሪስት» የምትል መስመር አለች። የገጨን ሰው ኢንሹራንስ ከሌለው ወይም ገጭቶ ካመለጠ፣ እሱ ሊከፍለን የሚገባውን የራሳችን ካምፓኒ ይከፍለናል። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህች ሽፋን ከመኪና ኢንሹራንስ ጋር በሕግ ተያይዛ የምትመጣ ናት።

ድሮ እዚህ ስቴት 500 ዶላር ለዲኤምቪ ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። ገንዘቡ ለከፋዩም ሆነ ለተጎጂው ሽፋን አይሆንም ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያ በር ተዘግቷል። ሕግ ወጣ ማለት ግን ሁሉም ገዛ ማለት አይደለም፤ ኢንሹራንስ ግዴታ የሆነባቸው ሜሪላንድና ዲሲም ያለ ኢንሹራንስ የሚነዳ ሞልቷል። አገር ቤት ኢንሹራንስ በሌለው ወይም ባልታወቀ ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈንዱን እያንዳንዳችን በየፖሊሲያችን ይዘነው እንዞራለን፤ መያዛችንን አለማወቃችን ነው የሚያሳዝነው።

ደግሞ ሽፋኑ ከመኪናው ጋር ብቻ የታሰረ አይደለም። ከእናንተ ጋር አንድ ቤት የምትኖር፣ መሪ ጨብጣ የማታውቅ እናታችሁ ለኪዳን ስትሄድ ኮሎምቢያ ፓይክን ስትሻገር አንዱ ገጭቷት ቢሰወር፣ የእናንተ ፖሊሲ ለሷም ይሠራል። በእግራችሁ ስትሄዱም ሆነ በሰው መኪና ተሳፍራችሁ ብትጎዱ እንደዚያው። ስንት እናት ስብራቷን በሜዲኬይድና በዕድር መዋጮ እንዳስታመመች ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከሁሉ የሚከብደው እዚያው አስፋልት ላይ የሚሆነው ነው። ገጪው ይወርድና «ባካችሁ ፖሊስ አትጥሩብኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ መኪናውን እኔ አሠራለሁ» ይላል። የእኛ ሰው በሚበዛበት ሰቨን ኮርነርስ አካባቢ ከሆነ ልመናው በአማርኛ ሊሆን ይችላል። እኛ ደግሞ በሽምግልና ያደግን ሰዎች ነን፤ አንጀታችን ይላወሳል። በዚህ ርኅራኄ አልስቅም። ነገር ግን የአንገት ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በማግስቱ ነው፣ ቃል የገባው ሰውዬ ስልክም በማግስቱ አይነሳም። ያኔ የፖሊስ ሪፖርት የለ፣ ሰሌዳ የለ፣ ምስክር የለ። ጥሬ ገንዘብ ተቀብላችሁ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብላችሁ ከፈረማችሁማ ከራሳችሁ ኢንሹራንስ የምታገኙትንም አደጋ ላይ ጣላችሁት፤ ካምፓኒው ከፍሎ ገጪውን የመጠየቅ መብቱን ነው በፊርማችሁ ያሳጣችሁት። አዎ፣ ከፍሎ ሲያበቃ ሰውዬውን ሊያሳድደው ይችላል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቢሆንም እሱ ኢንሹራንስ ባለመግዛቱ የቆጠበውን ገንዘብ በእኔ ጉልበት ማስከፈል ምሕረት አይመስለኝም።

ያመለጠም ቢሆን ተስፋ አይቆረጥ። የቨርጂኒያ ሕግ ያልታወቀውን ሾፌር «ጆን ዶ» በሚል ስም ለመክሰስ ይፈቅዳል፤ መጥሪያው ለእናንተው ካምፓኒ ይደርሳል። 395 አውራ ጎዳና ላይ አንዱ ድንገት ገብቶባችሁ፣ ሳይነካችሁ፣ እሱን ስትሸሹ ከግንብ ጋር ብትላተሙ እንኳ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ለፖሊስ ወይም ለኢንሹራንሳችሁ ቶሎ ማስታወቅ ግድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስከፋ ነገር ይመጣል። ያ ወር በወር የምትከፍሉት ካምፓኒ አሁን የሚከራከረው በገጪው ወንበር ተቀምጦ ነው። ወኪሉ በስልክ «እንዴት ነዎት» ሲል ድምፃችሁ ሊቀረጽ ይችላል። በቨርጂኒያ ሕግ ለአደጋው ጥቂት እንኳ ጥፋት ካለባችሁ ካሳው ሙሉ በሙሉ ሊቀር ስለሚችል፣ ያላያችሁትን እየገመታችሁ አትመልሱ። የአካል ጉዳት ክስ የሚቀርበው ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። «ክሌም ካደረግኩ ወርሃዊው ይጨምርብኛል» የሚለውን ፍርሃት በተመለከተ፣ ጥፋተኛ ባልሆናችሁበት አደጋ ምክንያት ዋጋ መጨመርን የቨርጂኒያ ሕግ ይከለክላል።

ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ፣ አፑ ሲበራ የግል ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ መሸፈኑን ያቆማል። አፑ በርቶ ጥሪ በምትጠብቁበት ጊዜ ያለው ሽፋን ተሳፋሪ ይዛችሁ ካለው በጣም ያንሳል፤ አደጋ ሲደርስ የት ደረጃ ላይ እንደነበራችሁ የሚያሳየውን ስክሪን ፎቶ አንሱት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የቨርጂኒያ ዝቅተኛው የሽፋን መጠን ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000፣ ለአንድ አደጋ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። አንድ ቀዶ ሕክምና ይህን ሊጨርሰው ይችላል። «ፉል ካቨሬጅ አለኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ መኪናው ነው፤ ስለ ገላው የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው። ገጪው ኢንሹራንስ ኖሮት ካነሰስ? ከጁላይ 1 ቀን 2023 ወዲህ በወጡ ወይም በታደሱ ፖሊሲዎች የእናንተ ሽፋን በሱ ላይ ይደመራል፦ እሱ 50,000 እናንተ 100,000 ካላችሁ፣ ጉዳቱ ያን ያህል ከሆነ እስከ 150,000 ይደርሳል። በድሮው ስሌት የሱ 50,000 ከእናንተ ይቀነስ ስለነበር ጠቅላላው 100,000 ላይ ይቆም ነበር። የድሮውን ስሌት በፊርማ መምረጥ ግን ዛሬም ይቻላል፤ ፖሊሲ ስታድሱ ኤጀንቱ «ጥቂት ዶላር ይቀንስልዎታል» ብሎ ቅጽ ካቀረበላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የድሮውን ስሌት የሚያስመርጥ ቅጽ እንዳይሆን ጠይቁት።