በሌሊት የሚሸመት ቤንዚን

በልደታ ለማርያም የኪዳን ደወል ሳይደወል፣ ሌሊቱ ገና ዐሥር ሰዓት ሲሆን፣ በሰፈራችን በጠመንጃ ያዥ የአንዲት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ሞተር ይነሣል፤ ድምፁም ለጎረቤቱ ሁሉ እንደ ዶሮ ጩኸት የተለመደ ስለ ሆነ፣ ሳይሰማ በቀረ ዕለት ሰው ሁሉ «ጋሼ ምን አገኛቸው?» እያለ ደጃቸውን ይቃኛል። የላዳዋ ባለቤት ሰባውን ዓመት የተሻገሩ፣ ግማሽ ምእት ዓመት መሪ ጨብጠው ልጆች ያሳደጉ አረጋዊ ናቸው። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ሌሊት ቤንዚን ፍለጋ ሲወጡ አብሬያቸው ወጣሁ፤ ያየሁትንም ሳልጽፍ ብቀር ኅሊናዬ ዕረፍት ስለማይሰጠኝ እነሆ እጽፋለሁ።

ማደያው ዘንድ ስንደርስ ሰልፉ ከበሩ ተነሥቶ ሁለተኛውን መታጠፊያ አልፎ ነበር። ቦቴው ሌሊት ይገባል ተብሏል እንጂ መግባቱን ያየ ሰው አልነበረም። ጋሼ ሞተሩን አጠፉ፤ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ዝም አሉ። ከፊታችን ያለው መኪና አንድ እርምጃ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በሩን ከፍተው ይወርዱና፣ ግራ እጃቸውን በበሩ ምሰሶ፣ ቀኝ እጃቸውን በመሪው ላይ አድርገው፣ በትከሻቸው ላዳዋን ይገፏታል፤ እኔም ከኋላ እገፋለሁ። «ለምን አያስነሡትም ጋሼ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ቤንዚን ለመቅዳት ቤንዚን ላቃጥል እንዴ?» አሉኝ። በዚህ ዓይነት ስንገፋና ስንቆም ጎሕ ቀደደ፣ ተማሪው ተሰማራ፣ የቢሮ ሠራተኛው ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ጎረፈ። ለባለታክሲ የዕለቱ ዋነኛ ገበያ የሆነችው ያቺ የማለዳ ሰዓት በዓይናችን እያየናት አለፈች። ሃያ ሊትር የቀዳነው ረፋድ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

በሌላው ዓለም ርካሽ ቤንዚን መፈለግ ማለት አንዱን ማደያ ከሌላው አወዳድሮ ሳንቲም የቀነሰው ዘንድ መሄድ ማለት ነው። በእኛ አገር ግን ዋጋውን የሚተምነው መንግሥት ስለ ሆነና፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ማደያዎች ሁሉ በዚያው በአንዱ ተመን የሚሸጡ ስለ ሆነ፣ ርካሹ ቤንዚን የተገኘው ቤንዚን ነው፤ ውድ የሚያደርገውም የጠፋው ሌሊት ነው። የዋጋ ክለሳ ሲጠበቅ ደግሞ፣ ነገ በላቀ ዋጋ የሚሸጠውን ዛሬ ማን ይሸጣል በሚል ሐሳብ ማደያዎች «የለም» የሚሉበት ጊዜ አለ፤ ይህን ክፋት ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ሰልፉ ያሰለቸው ሰው ወደ መንገድ ዳር ይወጣና በሃይላንድ ከሚሸጡት ልጆች በእጥፍ ዋጋ ይገዛል። ጋሼ አንድ ቀን በችኮላ ከዚያ ገዝተው፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሆኖ ካርቡራተሩን አስፈትተው ሁለት ቀን ከሥራ ውጭ ስለ ዋሉ፣ ከዚያ ወዲህ የሃይላንድ ቤንዚን ወደ ታንከራቸው አይገባም።

ሰልፉ ውስጥ እንዳለን የነገሩኝ ነገር አለ። በ1966 ዓ.ም. የካቲት እርሳቸው ገና ወጣት ሆነው ሰይቼንቶ ታክሲ እያጠቡ ይተዳደሩ ነበር። በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት የዓለም ነዳጅ ሲወደድ፣ የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ተጨምሮ ታሪፉ ግን ባለበት ስለ ቆመ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም በዚያው ሳምንት በራሳቸው ጥያቄ ተነሡ፤ መንግሥት ጭማሪውን ቢቀንስም ነገሩ በዚያ አልበረደምና በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። «ያን ጊዜ ያጠብኳቸው መኪኖች ቆመው አየሁ፤ ከዚያ በደርግ ጊዜ ኩፖን ይዤ ተሰለፍኩ፤ አሁን ደግሞ ስልክ ይዤ እሰለፋለሁ» አሉኝ። ስልክ ማለታቸው ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤንዚን በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀርቶ በቴሌብርና በመሰሎቹ እንዲከፈል ስለ ተደነገገ ነው፤ አረጋዊው የይለፍ ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፈው በመነጽራቸው ማኅደር ውስጥ አኑረውታል።

የዋጋው ነገር እንደሚከተለው ነው። በግንቦት 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን 36 ብር ከ87 ሳንቲም ነበር፤ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ይነሣ ተብሎ በተወሰነ ጊዜ፣ በሰኔ ማብቂያ፣ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ፤ በታኅሣሥ 2017 ማብቂያ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደርሶ፣ ከዚያም 120ን ተሻገረ። የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ካቆመ ወዲህ ቤንዚናችን ተጣርቶ ያለቀለት ሆኖ በዶላር የሚገዛና በጅቡቲ በኩል በቦቴ የሚመጣ ነውና፣ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ተመን እንዲመነዘር ሲፈቀድ ሂሳቡ እንዲያሻቅብ ግድ ነበር። እኔ ድጎማው መነሣቱን አልቃወምም፤ በድሃው ስም ተገዝቶ በኮንትሮባንድ ድንበር ለሚሻገር ነዳጅ ግምጃ ቤቱን ማራቆት ፍትሕ አልነበረም። የምቃወመው የተጨመረውን ዋጋ የሚከፍለው ሰው ሌሊቱን ጭምር እንዲከፍል መደረጉን ነው።

ከዋጋው ውስጥ ደግሞ የመንገዱ ድርሻ አለ። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ዋነኛ ገቢው ከእያንዳንዱ ሊትር የሚቀነስ የጥገና ክፍያ ነው፤ በነባሩ ድልድል ከመቶው ሰባው ለፌዴራል መንገዶች፣ ሃያው ለክልሎች፣ ዐሥሩ ለከተሞች ይደርስ ነበር። ሐሳቡ ቅን ነው፤ መንገድ የሚጠቀም መንገድ ይጠግን ማለት ነው። ነገር ግን ከአገሩ ተሽከርካሪ ብዙው በአዲስ አበባ እየዋለ ለከተሞች ሁሉ አሥራት ብቻ መትረፉ ሲታሰብ፣ የከተማው ሾፌር የሰጠው የት እንደ ገባ መጠየቁ አይፈረድበትም። ቀድተን ስንመለስ ወደ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ካለው ጉድጓድ ስንደርስ ጋሼ ማርሽ ቀንሰው፣ ግራ ጎማውን በጠርዙ፣ ቀኙን በድንጋዩ ላይ እንደ ገመድ ተራማጅ አሳለፉት። ሁለት ክረምት አብሯቸው የኖረ ጉድጓድ ስለ ሆነ ጥልቀቱን በጎማቸው ያውቁታል፤ በዚያ የሚሰበረውን ባሌስትራም የሚከፍሉት እርሳቸው ናቸው።

ከቀዳን በኋላ በስልካቸው ላይ የደረሰው የክፍያ መልእክት የሊትሩን ብዛትና የተቆረጠውን ብር እንጂ ሌላ ነገር አልያዘም። በደብራችን ምእመናን ያዋጡት መባና አሥራት ምን ላይ እንደ ዋለ የሰበካ ጉባኤው በዐውደ ምሕረት ቆሞ ያነብባል፤ ባልቴቷ የሰጠቻት አንድ ብርም ከሂሳቡ አትጎድልም። ክፍያው ሁሉ በስልክ በሚያልፍበት በዚህ ዘመን፣ በእያንዳንዱ የክፍያ መልእክት ላይ ይህን ያህሉ የነዳጁ፣ ይህን ያህሉ የማጓጓዣው፣ ይህን ያህሉ የታክሱ፣ ይህን ያህሉ የመንገዱ ነው ብሎ መጻፍ ከአንድ መስመር ያለፈ ድካም የለውም። ተመኑን የምታወጡ ሹማምንት ሆይ፣ ይህችን መስመር ጨምሩልን። ማደያ ያላችሁም፣ ቦቴ የሚገባበትን ሰዓት በበራችሁ ላይ ለጥፉ፤ አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ስንት አረጋውያንን ከሌሊት ብርድ እንደሚያድን አስቡ። እናንተም ወገኖቼ፣ ነገ ስትቀዱ ከሰልፉ ያገኛችኋቸውን አዛውንት ወደ ፊት አሳልፏቸው፤ ላዳቸውንም ግፉላቸው።