ዘጠነኛ ክፍል የት ትግባ?

ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ሚኒስትሪ ልትፈተን የቀሯት ሳምንታት ናቸው፤ ሰው የሚጠይቀኝ ግን ስለ ፈተናው አይደለም። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ፣ ቢሮ ሻይ ሰዓት ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ጥያቄው አንድ ነው፤ «ዘጠነኛ የት ልታስገቧት ነው?» ገና አልወሰንንም ስል ምክሩ ይዘንባል። አንዷ ናዝሬት ትላለች፣ ሌላው ካቴድራል። ወንድ ቢሆን ኖሮ ቅዱስ ዮሴፍ ይሉን ነበር። ስማቸውን በሥራ ያገኙ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ነገር ግን ከታች ክፍል ጀምረው የሚያሳድጓቸው ልጆች አሏቸው፤ 9ኛ ክፍል ላይ ለሚገኘው ጥቂት ወንበር የሚሰለፈው ወላጅ ብዙ ነው። እኛ ደግሞ የምንኖረው ራቅ ብለን ጀሞ ነው።

ባለቤቴ ማታ ማታ ደብተር ላይ የትምህርት ቤት ስም ይጽፋል፣ ይሰርዛል። ክፍያ፣ ርቀት፣ «ሰው የሚለው» ብሎ ሦስት ቦታ ከፍሎታል። ከሁሉ የሞላው ሦስተኛው ነው።

ግንቦት 16

የጭንቀታችን ሥሩ የት እንዳለ ሳስብ ዋልኩ። እኔ 10ኛ ክፍል ስደርስ አገር አቀፍ ፈተና ነበር። ያ ፈተና ስንቱን ልጅ ከመንገድ አስቀርቷል፤ ይመለስ አልልም። ለወላጅ ግን አንድ ነገር ያደርግ ነበር፤ ልጁ የት እንዳለ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ ሰው መዝኖ ይነግረዋል። አሁን ከ8ኛ እስከ 12ኛ ባሉት አራት ዓመታት እንዲህ ያለ ሚዛን የለም። ካርዱ ላይ 94 ይጻፋል፣ 96 ይጻፋል፣ ወላጅም ደስ ብሎት ይሸልማል። እውነቱ የሚወጣው ልጁ ሻንጣውን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የ12ኛን ፈተና ሲወስድ ነው።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ ባለፈው ዓመት 5.4 በመቶ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያም ትምህርት ቤቶች ካርድ ሲሰጡ፣ ደረጃ ሲያወጡ፣ ወላጅ ጠርተው ሲያመሰግኑ ነው የኖሩት። የእህቴ ልጅ ከክፍሉ ሁለተኛ እየወጣ 12ኛ ደረሰ፤ ግማሹን ሳያመጣ ቀርቶ ሪሚዲያል ገባ። እህቴ ዛሬም «ከዘጠነኛ ጀምሮ አንድ ሰው ምነው ቢነግረኝ» ትላለች።

ግንቦት 23

ወደ ቦሌ በኩል ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሦስታችንም ሄደን አየን። ግቢው ንጹሕ ነው፣ ጥበቃው ሰው አክባሪ ነው። አስተባባሪዋ ወጣት ናት፤ አብዛኛውን በእንግሊዝኛ ነው ያስረዳችን። ስማርት ቦርዱን አሳየችን፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳውን አሳየችን። ላብራቶሪውን እንይ አልኩ። ቁልፉ ተፈለገ፤ ፍለጋው ረዘመ።

ሲከፈት ባለመስተዋቱ ቁም ሳጥን ውስጥ የተደረደሩት ብልቃጦች የዋጋ ወረቀታቸው እንደተለጠፈባቸው ነው። ማይክሮስኮፖቹ ከነፕላስቲካቸው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ የአሲድ ጠብታ የለ፣ የተቃጠለ ቦታ የለ፣ የእስክሪብቶ ጭረት እንኳን የለ። ከተከፈተ ሁለት ዓመቱ ነው ተባልን። ልጅ የሚሠራበት ላብራቶሪ እንዲህ አይሆንም። ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እማ፣ አልተነካም እኮ» አለችኝ።

ወርሃዊ ክፍያው ከባለቤቴ ደመወዝ ግማሽ ይበልጣል። መመዝገቢያው፣ ሰርቪሱ፣ ዩኒፎርሙ፣ መጽሐፉ ለየብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሁሉ ነገር ጨምሯል፤ ትምህርት ቤትም ኪራይ ይከፍላል፣ መምህርም ልጅ ያሳድጋል፤ ይሄ ይገባኛል። የከበደኝ ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት 12ኛ ክፍል ስንት አስፈተናችሁ፣ ስንቱ አለፈ ብዬ ጠየቅኳት። «ውጤታችን በጣም ጥሩ ነው» አለችኝ። ቁጥሩን ብዬ ደግሜ ስጠይቅ ዳይሬክተሩ ዛሬ የሉም ተባልኩ።

ከዋጋው በቀር የሚታየን ነገር ከሌለ ጥራቱንም በዋጋው መለካታችን አይቀርም። ወላጅ ተበድሮ ውዱን የሚመርጠው ለታይታ ነው የሚሉ ሰዎች ይፈርዳሉ። የማውቃቸው አብዛኞቹ ወላጆች ውዱን የመረጡት ሌላ የሚይዙት ማስረጃ አጥተው ነው።

ግንቦት 26

የቦሌውን መንገድ በትምህርት ሰዓት ልየው ብዬ ከቢሮ አስፈቅጄ በጠዋት ወጣሁ። ሰርቪሱ ጀሞ ላይ ልጆች የሚያነሣው 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ስለዚህ ልጄ 11 ሰዓት ተኩል መነሣት አለባት። ጀርመን አደባባይ ሳንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ። ከዚያ መካኒሳ፣ ከዚያ ሳር ቤት፣ ቆም እያልን።

ታክሲው ውስጥ ከፊቴ ዩኒፎርም የለበሱ እህትማማቾች ነበሩ። ትንሿ ቦርሳዋን አቅፋ ተኝታለች። ታላቅዬዋ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የሒሳብ የቤት ሥራ ትሠራለች፤ መኪናው ሲንገጫገጭ መስመሩ ይወላገድባታል፣ ትደልዘውና እንደገና ትጀምራለች። ሳር ቤት ስንደርስ እሷም እስክሪብቶዋን እንደያዘች አንገቷ ዘንበል አለ። ጠዋትና ማታ ተደምሮ ወደ ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል። ገና 14 ዓመቷ ነው ልጄ። ከእንቅልፏ፣ ከጥናቷ፣ ከወንድሟ ጋር ከምትጫወትበት ሰዓት ላይ ነው የሚቀነሰው፤ የክፍያ ዝርዝሩ ላይ ግን ይህ አልሰፈረም።

ግንቦት 28

ከቤታችን በእግር የሚደረሰውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻዬን ሄጄ አየሁ። ምክትል ርእሰ መምህሩ ያለ ቀጠሮ ተቀበሉኝ። ቢሯቸው ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ፤ በእጅ የተሠመረ ሠንጠረዥ፤ የተፈተኑ፣ ያለፉ፣ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። ቁጥሩ አያስደስትም። ግን ተጽፏል፤ ማንም የገባ ሰው ያነበዋል። ትክ ብዬ ሳየው «እኛም በየቀኑ እናየዋለን» አሉኝ።

አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም አልተዳረሰም፤ ልጆቹ በስልክ ጭነው ያነባሉ፣ ስልክ የሌለው ከጓደኛው ጋር ይጋራል። ላብራቶሪው ውስጥ ብልቃጦቹ አፋቸው የተሸራረፈ፣ ጠረጴዛው በቡናማ ነጠብጣብ የተሞላ። የባዮሎጂ መምህሩ በአንድ ማይክሮስኮፕ የሽንኩርት ልጣጭ እያሳዩ ልጆቹን በሰልፍ ያስመለክታሉ። አንዲት ልጅ ዓይኗን ከመነጽሩ አልነቅልም ብላ ከኋላዋ ያሉት ጮኹባት። እኚህ መምህር ከሥራ በኋላ ቤት ለቤት ያስጠናሉ፤ በደመወዛቸው ብቻ የቤት ኪራይ አይሸፈንም። ከሳቸው ጋር የጀመሩ ባልደረቦቻቸው ወደ ግል ትምህርት ቤት፣ ወደ ሌላ ሙያ ሄደዋል። እሳቸው ቀርተዋል። እንዲህ ያለ መምህር እንዲቆይ ከተማው የሚችለውን ሁሉ ማድረግ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ስማርት ቦርድ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለባለቤቴ ማታ ነገርኩት። «60 ልጅ ውስጥ ማን ያያታል?» አለኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

ሰኔ 21

የልጆቼ ትምህርት ቤት ስለ ክፍያ ጭማሪ ወላጆችን ሰበሰበ። ታናሽ ወንድሟ ገና እዚያው ስለሆነ ሄድኩ። ስንገባ በር ላይ ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ የሚል ወረቀት አስፈረሙን፤ የተገኘን ሰዎች መዝገብ ነው ተባለ። ውይይቱ ጦፎ ሳለ አንድ አባት ወረቀቱን ከጠረጴዛ አንሥተው አርእስቱን ጮክ ብለው አነበቡ፤ «በጭማሪው የተስማሙ ወላጆች» ይላል። አዳራሹ ተናወጠ። ወረቀቱ ተቀደደ፣ በሌላ ተተካ፣ ጭማሪውም ወደ ታች ወርዶ ስምምነት ተደረሰ። እኒያ አባት ባያነቡት ኖሮ የሁላችንም ፊርማ ባልተስማማንበት ነገር ላይ ይቆጠር ነበር።

ሐምሌ 5

ፈተናው ካለፈ ወዲህ ልጄ አዲስ ነገር አመጣች፤ እቴጌ መነን። በ1924 ዓ.ም. የተከፈተው የሴቶች ትምህርት ቤት አሁን ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ልጃገረዶች ተቀብሎ በአዳሪነት ያስተምራል። ክፍያ የለ፣ መንገድ የለ። ባለቤቴ ዝም አለ። እኔ ስለ ምግቡ፣ ስለ አልጋው፣ ስለ ወር አበባዋ እያሰብኩ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ጠዋት «ከፈለግሽ ተፈተኚ» አልኳት። እንደዚህ ያለ ትምህርት ቤት ጥቂት መሆኑ አሳዝኖኛል፤ በየክፍለ ከተማው ቢኖር የስንቱ ቤት ጭንቀት በተቃለለ።

ነሐሴ 3

ልጄ ሚኒስትሪውን በጥሩ ውጤት አለፈች፤ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ግን አልደረሳትም። አንድ ቀን አለቀሰች፣ ከዚያ ስለ ዩኒፎርሙ ቀለም መጠየቅ ጀመረች።

ከቤታችን በአንድ ታክሲ የሚደረስ መካከለኛ የግል ትምህርት ቤት አስመዘገብናት። ሕንፃው ጠባብ ነው፣ ሜዳው ከክፍል አይሰፋም። ዳይሬክተሯ ግን የሦስት ዓመቱን የ12ኛ ውጤት ከነተፈታኙ ቁጥር አውጥተው አሳዩን፤ የወደቁትንም አልደበቁም። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን የላብራቶሪ ደብተር አስመጡልኝ፤ የመምህሩ ቀይ እርማት በየገጹ አለ፣ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ጭምር። ክፍያው ይከብደናል፤ ባለቤቴ የትርፍ ሰዓት ሥራ መሥራት አለበት፣ እኔም ለሁለት ዓመት ያሰብኩትን የማስተርስ ትምህርት አቆይቼዋለሁ።

የቅርብ ጓደኛዋ ግን ሠንጠረዡ ግድግዳ ላይ ያለበት ትምህርት ቤት ትገባለች። ሁለቱ ልጆች እኩል ጎበዞች ናቸው።

መንግሥት ትምህርት ቤቶችን እየመረመረ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣል። በሄድኩባቸው ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ይህ ደረጃ ተለጥፎ አላየሁም። ስለዚህ የሰፈራችን ወላጆች ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ጽፈናል፤ የግልም ሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁሉ ያስፈተነውንና ያሳለፈውን ተማሪ ቁጥር፣ ያገኘውንም ደረጃ በር ላይ ይለጥፍ የሚል ነው። ፊርማ የሚያሰባስቡት ሦስት ልጆቻቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ የአንደኛ ፎቅ ጎረቤታችን ናቸው። ከማስፈረማቸው በፊት አርእስቱን ለእያንዳንዱ ሰው ያነባሉ። ሰኞ እናስገባለን።