ከፊርማው በፊት ቤታችሁን ጠይቁ

በአሜሪካ ሜሪላንድ በሒሳብ ሙያ መሥራት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቡና ይዘን ስንጫወት፣ የሒሳብ ትምህርት የጀመሩ ወጣቶች ጠጋ ይሉና «ጋሼ፣ የትልቅ ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ ለመሆን ምን ማድረግ አለብን?» ይሉኛል። የማውቀውን ያህል እነግራቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን ሳይጠይቁኝ ይሄዳሉ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ስላልተጠየቅሁት ነገር ነው። በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው አንድ ሰው ቢሆንም፣ መሰላሉን የሚወጡት ባልና ሚስት ናቸው።

መንገዱ ምን ይመስላል?

በዚህ አገር «ሲ.ኤፍ.ኦ» የሚባለው ዋና የፋይናንስ ኃላፊ፣ በብዙ ኩባንያዎች ከዋና ሥራ አስፈጻሚው ቀጥሎ ከሚጠሩት ሰዎች አንዱ ነው። ወደዚያ የሚያደርሱ ሦስት የታወቁ መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው የኦዲት መንገድ ነው። ወጣቱ ዲግሪውን ይዞ ከአራቱ ታላላቅ የኦዲት ድርጅቶች ማለትም ከዴሎይት፣ ከፒ.ደብልዩ.ሲ፣ ከኧርነስት ኤንድ ያንግ ወይም ከኬ.ፒ.ኤም.ጂ በአንዱ ይቀጠራል። የሲ.ፒ.ኤ ፈተናውን ያልፋል። ጥቂት ዓመታት የሌሎችን ሒሳብ ከመረመረ በኋላ ወደ አንድ ኩባንያ ይገባና ቀስ በቀስ የሒሳብ መዝገቡን በሙሉ የሚመራ «ኮንትሮለር» ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ዋናው ወንበር ነው።

ሁለተኛው የባንክ መንገድ ነው። ለዚህ ሩት ፖራት ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሞርጋን ስታንሊ በተባለው ባንክ ሥራ ጀመሩ። የባንኩ ዋና የፋይናንስ ኃላፊ የሆኑት በ2010 ነው። ከዚያም በ2015 በዚያው ማዕረግ ወደ ጉግል ተዛወሩ። ከመጀመሪያው ቀን እስከ ወንበሩ 23 ዓመት መሆኑን ልብ በሉ።

ሦስተኛው በአንድ ኩባንያ ውስጥ ማደግ ነው። ሠራተኛው በጀት በማዘጋጀት ይጀምራል፤ ቀጥሎ የአንድ ክፍል፣ ከዚያም የአንድ ቅርንጫፍ ፋይናንስ ይሰጠዋል። ቅርንጫፉ በሌላ ክፍለ ግዛት፣ አንዳንዴም በሌላ አገር ይሆናል። ዕቃ ይታሸጋል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይቀይራሉ፣ የትዳር ጓደኛም አዲስ ሥራ ይፈልጋል።

የቀን መቁጠሪያውም የራሱ ሕግ አለው። አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ትልልቅ ኩባንያዎች ሩብ ዓመቱ ባለቀ በ40 ቀን፣ ዓመቱ ባለቀ በ60 ቀን ውስጥ ሪፖርታቸውን ለመንግሥት ማቅረብ አለባቸው። በእነዚያ ሳምንታት የልጅ ልደትም ሆነ የጋብቻ መታሰቢያ ቀን የሒሳቡን መዘጋት ይጠብቃል። ይህን እኔም በታችኛው ደረጃ ሆኜ በየሦስት ወሩ አየዋለሁ፤ ባለቤቴም ታየዋለች።

ፊርማው የማን ነው?

ውድ አንባቢ፣ የድካሙን ነገር ብዙዎች አስቀድመው ያውቁታል። ብዙዎች የማያስቡት ግን ፊርማውን ነው። ከ2002 ጀምሮ ሳርቤንስ-ኦክስሊ በተባለው ሕግ መሠረት፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚውና ዋና የፋይናንስ ኃላፊው ሪፖርቱ እውነተኛ መሆኑን በየግል ስማቸው ፈርመው ያረጋግጣሉ። ሪፖርቱ ሕጉን እንደማያሟላ እያወቀ ሆን ብሎ የፈረመ ሰው እስከ 20 ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ሊፈረድበት ይችላል።

ይህ ሕግ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤንሮን የተባለውን የሂውስተን የኢነርጂ ኩባንያ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። አንድሩ ፋስታው በ1990 ወደዚያ ኩባንያ ገቡ፤ በ1998 ዋና የፋይናንስ ኃላፊ ሆኑ። በ1999 የዚሁ ሙያ መጽሔት የሆነው «ሲ.ኤፍ.ኦ» በሥራቸው ሸለማቸው። በዚያን ጊዜ ስለ ሥራ እድገት የሚጽፍ ሰው ቢኖር እሳቸውን በምሳሌነት ማቅረቡ አይቀርም ነበር። በውስጥ ግን የኩባንያው ዕዳና ኪሳራ በሪፖርቱ ላይ እንዳይታይ የሚረዱ የሽርክና ድርጅቶችን አቋቁመው፣ ራሳቸው እየመሩ፣ ከእነዚሁ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለራሳቸው አግኝተዋል። ኤንሮን በታኅሣሥ 2001 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ፤ ለጡረታ ያጠራቀሙትን ያጡም ብዙ ናቸው።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በተለይ ለእናንተ ነው የምጽፈው። የፋስታው ባለቤት ሊያ ፋስታው ከሥራው ወጥተው ልጆች የሚያሳድጉ እናት ነበሩ። ከአንዱ ሽርክና የመጣ ገንዘብ ግን በስጦታ ስም ወደ ቤታቸው ገብቶ፣ ባልና ሚስት በጋራ ባቀረቡት የግብር ማስታወቂያ ላይ ገቢ ሆኖ አልተመዘገበም። ሁለቱም በ2004 ጥፋተኝነታቸውን አመኑ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ስለ ነበሯቸው፣ ቢያንስ አንድ ወላጅ ቤት እንዲቀር እስራቱ በተራ ሆነ። እናት በሐምሌ 2004 የአንድ ዓመት ቅጣታቸውን ጀመሩ። አባት በ2006 ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው።

ይህን የጻፍኩት በሰው ውድቀት ልፈርድ ፈልጌ አይደለም። ከቢሮ የሚመጣ ነገር በቢሮ እንደማይቀር ለማሳየት ነው። ደመወዙ ቤት ይገባል፤ ውጥረቱም ይገባል፤ የተደበቀ ነገር ካለ እሱም ይገባል። በዚህ አገር አብዛኞቹ ባለትዳሮች ግብራቸውን የሚያሳውቁት በአንድ ቅጽ ነው። በዚያ ቅጽ ግርጌም የሁለት ሰው ፊርማ አለ።

ሌሎች እንዴት ያዙት?

መሰላሉን ወጥተው ቤታቸውን ያሰቡም አሉ። ከሕንድ የመጡት ኢንድራ ኑዪ በ1994 ፔፕሲኮ ገብተው፣ በፋይናንስ ኃላፊነት ሠርተው፣ በ2006 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ከዚያ በፊት የኩባንያው ፕሬዚዳንት እንደሚሆኑ በተነገራቸው ምሽት የሆነውን ራሳቸው ብዙ ጊዜ ተናግረዋል። የምሥራቹን ይዘው ቤት ሲደርሱ እናታቸው መጀመሪያ ወተት ገዝተሽ ነይ አሏቸው። ባለቤታቸው ቀድመው ቤት ገብተው ነበር፤ እናትየው ግን እሱ ደክሞታል አሉ። ወተቱን ይዘው ተመልሰው ቅሬታቸውን ሲያሰሙ፣ እናታቸው ዘውድሽን መኪና ማቆሚያው ውስጥ ትተሽ ግቢ የሚል ምክር ሰጧቸው። እኔ ይህን ታሪክ በሁለት በኩል አየዋለሁ። ምክሩ መልካም ነው። ግን ወተቱን ባልየው ቢገዙትስ ኖሮ? ዘውድ ውጭ ማስቀመጥ የሚስት ብቻ ሥራ መሆን የለበትም።

ፓትሪክ ፒሼት ደግሞ ከ2008 ጀምሮ የጉግል ዋና የፋይናንስ ኃላፊ ነበሩ። በ2014 ከባለቤታቸው ጋር ኪሊማንጃሮ ተራራ ላይ ወጥተው ሳሉ፣ ባለቤታቸው ለምን ጉዟችንን አንቀጥልም ብለው ጠየቋቸው። እሳቸው ገና ብዙ ሥራ አለ ሲሉ፣ ታዲያ የእኛ ጊዜ መቼ ነው የሚል ጥያቄ ተከተለ። ሰውዬው መልስ አጡ። የጋብቻቸው 25ኛ ዓመት በሚከበርበት በ2015 ሥራውን እንደሚለቁ አስታወቁ። እርግጥ እሳቸው ሀብት አላቸው፤ ሥራ ማቆም ይችላሉ። የቤት ዕዳ ያለበትና አገር ቤት ላሉ ወላጆች በየወሩ የሚልክ ሰው እንዲህ ማድረግ አይችልም። ጥያቄውን መጠየቅ ግን ሀብት አይፈልግም።

በእኛ ቤት

እኛም ይህ ጥያቄ ደርሶናል። ባለፈው ዓመት የምሠራበት ኩባንያ በሌላ ክፍለ ግዛት ያለ ቅርንጫፉን ፋይናንስ እንድመራ ጠየቀኝ። ከዋናው ወንበር በሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ግን ወደዚያው የሚያመራ ቦታ ነበር። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ሌሊት ነው። ትልቋ ልጃችን 11ኛ ክፍል ናት። አማቴም አብራን ትኖራለች፤ እንግሊዝኛ ስለማትችል ሰው የምታገኘው በቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

ሦስት ምሽት ተነጋገርን፤ ጸለይንም። በሦስተኛው ምሽት ባለቤቴ «ደመወዙን ነገርከኝ። የምትፈርመው ምን እንደሆነ ግን ንገረኝ» አለችኝ። አንድ በአንድ አስረዳኋት። ቀጥላም «ቁጥሩን አሳምረው ቢሉህ እምቢ ብለህ ብትወጣ፣ ስንት ወር መኖር እንችላለን?» አለች። ወረቀት አወጣንና ቆጠርን፤ በእኔ ደመወዝ ብቻ በአዲስ ከተማ ሁለት ወር አይሞላም። ልጃችን ትምህርቷን እስክትጨርስ ሁለት ዓመት እንዲቆዩን ጠየቅሁ፤ መቆየት አልቻሉም። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቅር አላለኝም ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም ስሙን በኢሜይል ሳየው ልቤ ትንሽ ቆንጠጥ ይለዋል። ደግሞ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። የቤታችንን ልክ ግን አሁን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

እናንተስ?

ከእናንተ መካከል ይህን መሰላል የሚወጡ ይኖራሉ፤ ውጡ እላለሁ። እውነት የሚወዱ ሰዎች በዚያ ወንበር ላይ ያስፈልጋሉ። ደብዳቤው ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ግን ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ ሦስት ነገር ተጠያየቁ። አንደኛ፣ ሥራው ቢያዛውረን ማን ምን ያጣል? ሁለተኛ፣ ስምህ ወይም ስምሽ የሚፈረምበት ነገር ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ውሸት ፈርሙ ብንባል ያለ ደመወዝ ስንት ወር መቆየት እንችላለን? ለሦስተኛው መልስ ከሌላችሁ፣ ከዚህ ወር ደመወዝ ጀምራችሁ ለዚያ ቀን ጥቂት ጥቂት አስቀምጡ። እምቢ ለማለት አቅም ያለው ቤት ያስፈልጋል፤ ያን አቅም ደግሞ ሁለታችሁ ሆናችሁ ነው የምታጠራቅሙት።