በጣና ሐይቅ ላይ፤ ለትንሽ የጎማ ጀልባ ስለሚስማማ የዓሣ አመልካች

ባሕር ዳር ከተማ በማለዳ የደረሰ ሰው ጣናን ሲያየው ባሕር ይመስለዋል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ማዶው ለዓይን አይታይም፤ ደሴቶቹ ከነዛፎቻቸው በውኃው ላይ የተቀመጡ ጥቁር ደመናዎች ይመስላሉ። ነገር ግን ይህን ያህል የተንጣለለው ሐይቅ፣ እጅግ ከጠለቀበት ስፍራ እንኳ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ያኑርልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናልና።

ባለፈው መጋቢት ወደዚያ የሄድሁት የእኅቴን ልጅ አስከትዬ ነው። ልጁ በመንጠቆ ማጥመድ ስለሚወድ፣ በአየር የምትነፋ፣ ለሁለት ሰው የምትበቃ የጎማ ጀልባ ገዝቶ ነበር። «አጎቴ፣ አሁን የቀረኝ ዓሣውን የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ከወዳጆቼ ሁለት ዓይነት ተውሼ «ሐይቁ ራሱ ይምረጥልን» አልሁት።

የመሣሪያው ጥበብ አዲስ አይደለም። አሌክሳንደር ቤም የተባለ ጀርመናዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. የባሕርን ጥልቀት በድምፅ መመለስ የሚለካበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ፉሩኖ የሚባሉ የጃፓን ወንድማማቾች ይህንኑ ዘዴ ለዓሣ አጥማጆች የሚያገለግል መሣሪያ አድርገው ለገበያ አቀረቡት። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ መሣሪያው ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁም ወለሉን ወይም ዓሣውን ነክቶ ይመለሳል። ዓሣውን ይበልጥ የሚገልጠው በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 10 ሜትር ወርዶ ለመመለስ ከሰከንድ አንድ ሰባኛ ያህል አይፈጅበትም። የጣና ውኃ ድፍርስ ስለ ሆነ ዓይን ሩቅ አያይም፤ ድምፅ ግን ድፍርሱን አልፎ ይሄዳል።

በመጀመሪያው ቀን ትልቁን መሣሪያ ይዘን ወጣን። መስኮቱ ሰፊና ባለ ቀለም ነው፤ እስከ ብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት እንደሚያይም ተጽፎበታል። ነገር ግን 14 ሜትር ለሆነ ሐይቅ የመቶዎቹን ሜትሮች ዋጋ መክፈል፣ ለአንድ ቁና እህል ትልቅ ጎተራ እንደ መሥራት ነው። ባትሪውም ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በጀልባዋ ወለል ላይ በረጠበ ስፍራ ስናኖረው ልባችን አላረፈም። ድምፅ ላኪውን ክፍል ለማሰር ደግሞ ጀልባዋ ብሎን የሚመታባት ሳንቃ የላትም፤ ጎማን መብሳት መስጠም ነውና። በውስጥ በኩል ወለሉ ላይ ብናስቀምጠውም አንዳች አላሳየንም፤ በወለሉ ውስጥ የታመቀው አየር ድምፁን ያግደዋል። በመጨረሻ በሚጣበቅ የጎማ ጽዋ በጎኗ ላይ አደረግነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲመታን ግን ተላቅቆ በገመዱ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔ እርሱን ለማንሣት ስጎነበስ ጀልባዋ በአንድ ወገን አጋደለች፤ ልጁም ቀዛፊውን ጥሎ ልብሴን ያዘ። ሁለታችንም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰን ስለ ነበር እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

በማግሥቱ በማለዳ ትንሹን ይዘን ወጣን። ይህ ከ100 ግራም ብዙ የማይበልጥ እንደ ኳስ የሚንሳፈፍ ነገር ነው፤ በገመድ ታስሮ ከጀልባዋ ኋላ ይጎተታል፤ ያየውንም ያለ ሽቦ ወደ እጅ ስልክ ይልካል። ማሰሪያም ከባድ ባትሪም አያሻውም። ጉድለቱ የውስጡ ባትሪ ከጥቂት ሰዓት በላይ አለማገልገሉና ስልኩን ከውኃ ለመጠበቅ ውኃ የማይገባው ከረጢት ማስፈለጉ ነው።

ሁለቱም መሣሪያዎች ግን አንድ የጋራ ወሰን አላቸው። ድምፁ እንደ ድንኳን ከላይ ጠቦ ወደ ታች እየሰፋ ይወርዳል፤ የማዕዘኑ ስፋት 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በ10 ሜትር ጥልቀት የሚታየው ክብ ወርዱ 3 ሜትር ተኩል ነው፤ በ2 ሜትር ጥልቀት ግን 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በዳር፣ በደንገል ሥር የሚኖረውን ቆሮሶ በመሣሪያ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ደግሞም መሣሪያው የሚሥላቸውን የዓሣ ሥዕሎች ፈጥኖ ማመን አይገባም፤ አረፋንም ቅርንጫፍንም ዓሣ ይላቸዋል። በእርግጥ የሚያስተምረው የወለሉን ጥልቀት፣ ጭቃውን ከድንጋይ ለይቶ ነው።

ይህን ስናይ ሳለን አንድ ሽማግሌ አጥማጅ በደንገል ታንኳቸው ላይ ሆነው ቀረቡን፤ ኳሷንም በመገረም ተመለከቱ።

«ጌታዬ፣ ይህ ነገር ውኃው ደፍርሶም ያያል?»

«አዎን አባቴ፣ በድምፅ ነው እንጂ በብርሃን አይደለም» አልኋቸው።

«እንግዲያስ በክረምት በጉማራ አፍ የሚሰበሰበውንም ነጭ ዓሣ ያያል በሉኛ!» ብለው ዝም አሉ።

እኔም የምመልሰው አጣሁ። በጣና ከሚኖሩት የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ብዙዎቹ በዓለም ላይ ሌላ ስፍራ አይገኙም፤ ከእነርሱም አያሌዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎችም ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነዕንቁላሏ ይወስዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የእነዚህ ዓሦች ቁጥር ከግማሽ በላይ እንደ ቀነሰ ሊቃውንት መርምረው ጽፈዋል። እንግዲህ ዓሣው የተሰበሰበበትን ስፍራ የሚያሳይ መሣሪያ በዚያ ወራት ለማን ይጠቅማል?

ወደ ማረፊያችን ስንመለስ ለልጁ ፍርዴን ነገርሁት። «ትንሹን ግዛ፤ ለጀልባህም ለሐይቁም የሚበቃው እርሱ ነው። ነገር ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዝ አፍ አታጥምድበትም።» ልጁም ፊቱን አጠቆረ፤ ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው በክረምት ነውና ዕረፍቱ በዚሁ ወራት መካከል ይውላል። «አጎቴ፣ ታዲያ መሣሪያው ምን ሊሠራልኝ ነው?» አለኝ። እኔም አላስገደድሁትም፤ የሽማግሌውን ቃል ብቻ ደግሜ ነገርሁት።

በነጋታው ከእንቅልፌ ስነቃ ልጁ በደብተሩ ላይ የሐይቁን ዳር ሥሎ አገኘሁት። ከባሕር ዳር እስከ ክብራን ገብርኤል ባለው መንገድ ያነበብናቸውን ጥልቀቶች፣ ጭቃና ድንጋይ የሆነውንም ለይቶ ጽፎ ነበር። ጉማሬ የሚበዛበትን የዓባይን መውጫ «አይኬድም» ብሎ በቀይ ቀለም አስምሮበታል። የቀረውን ባዶ ስፍራ እያሳየኝ «ይህን በክረምት እሞላዋለሁ፤ መንጠቆውን ግን ቤት እተወዋለሁ» አለኝ።

እንግዲህ ለልጁ ወይም ለራሱ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊገዛ የሚያስብ አንባቢ፣ አስቀድሞ ሐይቁ ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ፣ ጀልባዋም ምን እንደምትሸከም ይጠይቅ። ከዚያም ዓሣው የሚራባበትን ወራት ይጠይቅ፤ ይህን በመሣሪያው መስኮት ላይ አያገኘውምና።