ትንሿን አምፕ አትሽጧት

ጊታረኛ ወዳጅ ያላችሁ ይህችን ሙሾ ታውቋታላችሁ፤ «ቲዩብ አምፕ ቢኖረኝ እኮ!» ምስኪኑ ትራንዚስተር የማይሸከመው ኃጢአት የለም። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስፒከሩና የሳጥኑ ነው ባይ ነኝ። 6 ኢንች ስፒከር የጫማ ካርቶን በምታክል ሳጥን ታፍኖ ወፍራሙን ድምፅ ከየት ያምጣው?

ወንድሜ 10 ዋት አምፑን ሊሸጥ ገዢ ሁሉ አግኝቶ ነበር። «እስቲ መጀመሪያ ሌላ ስፒከር ላይ ሞክረው» አልኩት። የውስጡን ስፒከር ሽቦ ነቅለን ትልቅ ሳጥን ውስጥ ካለ አሮጌ 12 ኢንች ጋር አገናኘነው። ያው ትዝታ፣ ያው ጣት፣ ሌላ ድምፅ! (አምፑ 8 ኦም የሚል ከሆነ ከ8 በታች የሆነ ስፒከር እንዳትቀጥሉበት፤ ሊቃጠል ይችላል።)

«ዳዮዱንስ?» የሚል አይጠፋም። በብዙ ትንንሽ አምፖች ዲስቶርሽኑን የሚፈጥሩት 0.6 ቮልት ገደማ ላይ የሚከፈቱ ሁለት የሲሊከን ዳዮዶች ናቸው። በቀይ ኤልኢዲ ሲተኩ ገደቡ ወደ 1.7 ቮልት ከፍ ይላል፤ ድምፁም ትንሽ ይተነፍሳል። ለሮከኛ ጥሩ ነው። ትዝታን በንጹሕ ድምፅ ለሚጫወት ግን ምንም አይለውጥም፤ ስለዚህ አልነካነውም። ደግሞ ቦርዱ ጋ ለመድረስ ሶኬት መንቀል ብቻ አይበቃም፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀሉም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ገዢው አሁንም ይደውላል። ወንድሜ አያነሳም።