አበዳሪው ማን ነው? ተበዳሪውስ?



ከገለምሶ፣ ከሂርናም ሆነ ከበዴሳ መጥተን ጭሮ ላይ የተገናኘን ብዙዎቻችን ቤት ኦሮምኛ፣ ገበያ አማርኛ፣ መድረሳ ዐረብኛ፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ እንግሊዝኛ እንሰማለን። በእንግሊዝኛው ተማሪን ከሚያምታቱት ቃላት «ቦሮው» እና «ሌንድ» ይገኙበታል። «ቦሮው» ተቀባዩ የሚያደርገው ነው፤ «ሌንድ» ሰጪው። ስለዚህ አበድረኝ ለማለት «ቦሮው ሚ» ሳይሆን «ሌንድ ሚ» ነው የሚባለው።

ልዩነቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አማርኛ በአንዲት ፊደል ይለየዋል፦ ተበደረ፣ አበደረ። ኦሮምኛም «ሊቄፈቹ» እና «ሊቄሱ» ይላል። እንዲያውም ቋንቋዎቻችን አንድ እርምጃ ይቀድማሉ። ብር እንበደራለን፤ መጽሐፍ ግን እንዋሳለን፣ በኦሮምኛም «ኤርጊፈቹ» ነው። በፊቅህ የመጀመሪያው ቀርድ፣ ሁለተኛው ዓሪያ ይባላል፤ በቀርድ አምሳያው፣ በዓሪያ ራሱ ዕቃው ይመለሳል። እንግሊዝኛ ሁለቱንም «ቦሮው» ይላቸዋል።

ነገሩ የፈተና ነጥብ ብቻ አይደለም። የቁርኣን ረጅሙ አያ፣ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ዕዳ ነው፤ የጊዜ ገደብ ያለው ዕዳ እንዲጻፍ፣ ቃሉንም ዕዳው ያለበት ሰው እንዲያስጽፍ ያዛል። ነገ ከመካከላችን በእንግሊዝኛ ውል የሚያረቅቁ ይኖራሉ። ሁለቱ ቃላት ከተቀያየሩ ባለዕዳው ባለገንዘብ ይሆናል፤ የሰው ሐቅ ይጠፋል።

ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት «ገንዘቡ ከማን ወደ ማን ሄደ?» ብለን በራሳችን ቋንቋ እንጠይቅ። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን። አሚን።