ወንድሜን በ2 ብር ከዳሁት!

የዛሬው ጉዳይ የፍቅር አይደለም፤ የጌም ነው። «ጌም ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ...

ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ጌም ቤት ነበረው። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ! ሁለት አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን ቱ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። አንድ ግጥሚያ 1 ብር። የነበረን የኮናሚው ፔስ ብቻ ነው። በፔስ ቼልሲ ቼልሲ አይባልም ነበር፤ «ለንደን ኤፍሲ» ነበር። የፕሪምየር ሊጉን መብት የፊፋው ሠሪ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ገዝቶ ይዞታላ! ለእንደኔ ዓይነቱ የቼልሲ ደጋፊ ይኼ ስድብ ነበር።

አንድ ቀን የወንድሜ አብሮ አደግ ፊት ለፊታችን ሌላ ጌም ቤት ከፈተ። እህቱ ከዓረብ አገር ፕሌይስቴሽን ስሪ ልካለታለች። ፊፋ አለ፤ ቼልሲ በስሙ፣ በማልያው! ዋጋው 2 ብር። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ወንድሜ ምሳ ሲበላ ከመሳቢያው 2 ብር አንስቼ ተሻገርኩ። ስወጣ በሩ ላይ ቆሟል። ምንም አላለኝም።

ብዙም ሳይቆይ ማሽኖቹን ለዚያው ልጅ ሸጠና እዚያው ሒሳብ ተቀባይ ሆኖ ተቀጠረ። በወሩ ጨዋታው 3 ብር ገባ። የት እንሄዳለን?

ይኼን ያስታወሰኝ የማይክሮሶፍት ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ልግዛ ሲል፣ የፕሌይስቴሽኑ ጌታ ሶኒ «ኮል ኦፍ ዲዩቲን ሊነጥቀኝ ነው» ብሎ ጮኸ። (እሱም ንጹሕ አይደለም፤ በዚያው ዓመት ቡንጂን በ3.6 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል።) የአሜሪካ መንግሥት ከሰሰ፣ የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ መጀመሪያ ከለከለ። ግዢው በ2023 አለቀ። ሶኒ ግን ጨዋታው ለ10 ዓመት እንዳይቀርበት አስፈርሟል። ለወንድሜ ማን ጮኸለት? እኔ እንኳ ጆይስቲክ ይዤ ማዶ ነበርኩ።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ሲፈርስ ሁለቱም ቤቶች አብረው ሄዱ። ባለፈው እሑድ ወንድሜ ቤት ቡና እየጠጣን፣ እንደምንም ደፍሬ «ያን ቀን ከፍቶህ ነበር?» አልኩት። ስኒውን አስቀምጦ አየኝና፦

«2 ብሩን መቼ ነው የምትመልሰው?»